አሁን እንደተቀረጸ እርሳስ የሚሸት የወንዶች ሽቶ ምንድን ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባንክ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው። «ጠዋት ጠዋት ሊፍት ውስጥ ከአንድ ኃላፊያችን ጋር እንገናኛለን። ሽቷቸው ጣፋጭ አይደለም፣ አበባ አበባም አይልም። አሁን እንደተቀረጸ እርሳስ፣ ትንሽ እንደ ቅጠል፣ ትንሽ እንደ አፈር ይሸታል። እሳቸው ወርደው እንኳ ሊፍቱ ውስጥ ይቀራል። ስሙን መጠየቅ አፈርኩ። ሁለት ሱቅ ገብቼ ባስረዳም የሰጡኝ ሁሉ ሌላ ነው። ምን ዓይነት ሽቶ ነው? ለእኔ ዕድሜ ይሆናል ወይስ የሽማግሌ ነው? ከፋሲካ በኋላ ለጓደኛዬ ሚዜ ነኝ፤ ለዚያ ብገዛው ያዋጣኛል? እባክዎ ያስረዱኝ።»

ወንድሜ፣ አፍንጫህ ጥሩ ነው። አብዛኛው ሰው ሱቅ ሲመጣ «ጠንከር ያለ»፣ «የሚቆይ»፣ «ሴቶች የሚወዱት» ብሎ ነው የሚጠይቀው። አንተ እርሳስ አልክ፣ ቅጠል አልክ፣ አፈር አልክ። ሦስቱም አብረው የሚገኙበት አንድ የሽቶ ቤተሰብ አለ። በሙያው አሮማቲክ ዉዲ ይባላል። አሮማቲኩ መዓዛማው ቅጠል ነው። ላቬንደር፣ የጥብስ ቅጠል፣ ሴጅ፣ ጦስኝ፣ በሶብላ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ዉዲው እንጨቱ ነው። ሴዳር አለ፣ ሰንደል አለ፣ እንጨት ባይሆንም ከእንጨቶቹ ጋር የሚቆጠረው ቬቲቨር የሚባል ሳር አለ። እርሳስ ያልከው ሴዳሩ ነው። አፈር ያልከው ቬቲቨሩ ነው።

የእርሳሱ ነገር እንዲያው የመሰለህ አይደለም። እርሳስ ለብዙ ዘመን ይሠራ የነበረው ከአሜሪካው ቀይ ሴዳር ነው። የሽቶው ሴዳር ዘይትም አንዱ ምንጩ ይኸው ዛፍ ነው። ሴዳር ይባል እንጂ ዘሩ የእኛ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው። የእኛው ጥድም በምሥራቅ አፍሪካ ለእርሳስ ሲቆረጥ የኖረ ዛፍ ነው። ስለዚህ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ጥድ ሥር ተቀምጦ ላደገ ሰው ይህ ሽታ ከፓሪስ የመጣ እንግዳ አይደለም።

አሁን ሱቆቹ ለምን ሌላ ነገር እንደሰጡህ ልንገርህ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሻጮቹ ስለማያውቁ ብቻ አይደለም። የኃላፊህን ሽቶ ራሱን ረጭተውልህ እንኳ ላታውቀው ትችላለህ።

እሳቸው ሽቶውን የረጩት ቤታቸው ነው። ለብሰው፣ ቁርስ በልተው፣ የሜክሲኮን መጨናነቅ አልፈው ሊፍቱ ጋ ሲደርሱ ቢያንስ አንድ ሰዓት አልፎታል። ሽቶ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ እኩል አይበንም። የሎሚ፣ የብርቱካንና የግሬፕፍሩት ዘይት ቀላል ነው፤ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አብዛኛው ይሄዳል። ላቬንደርና የመሳሰሉት ቅጠሎች ትንሽ ይቆያሉ። ሴዳር፣ ሰንደልና ቬቲቨር ከባዶች ናቸው፤ ለሰዓታት ቆዳ ላይ ይቀመጣሉ። አንተ ሊፍት ውስጥ ያገኘኸው ቅጠሉ ሳስቶ እንጨቱ ብቅ ያለበትን ሰዓት ነው። ሱቅ ውስጥ የረጩልህ ደግሞ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ነው። አልኮልና ሎሚ ነው ያሸተትከው።

አንድ ደንበኛ ነበረኝ። የዚህን ቤተሰብ አንድ ሽቶ ወረቀት ላይ ረጭቼ ሰጠሁት። አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። «የጉንፋን መድኃኒት ነው እንዴ?» አለኝ። ወረቀቱን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቶ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ መጣና ያንኑ ወረቀት አወጣ። ጫፉ ተጣጥፏል፣ የታክሲ ዝርዝር ብር መሃል ገብቷል። «ይሄ የትናንቱ አይደለም፣ ሌላ ወረቀት ነው የሰጠኸኝ» ብሎ ተከራከረኝ። የትናንቱ ነበር። ቅጠሉ ሄዶ እንጨቱ ብቻ ቀርቶ ነው። ገዝቶ ሄደ፤ እስካሁንም የሚጠቀመው እሱኑ ነው።

«የጉንፋን መድኃኒት» ማለቱም አላስገረመኝም። ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ይለዋል። እኛ ልጅ ሆነን ስንታመም በባሕር ዛፍ ቅጠል ታጥነናል። ባሕር ዛፍ ውስጥ ያለው ሲኒዮል የሚባለው ንጥረ ነገር የጥብስ ቅጠል ውስጥም በደንብ አለ። አፍንጫችን ያንን ሲያገኝ ወዲያው ብርድ ልብስና የፈላ ውኃ ያስታውሳል። አምስት ደቂቃ ታገሠው፣ ያልፋል። ብዙ ሰው እዚያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ነው የሚሸሸው።

የዚህ ሽቶ ውበት ምኑ ላይ ነው ካልከኝ መልሴ ድርቀቱ ነው። ስኳር የለበትም። ቫኒላ፣ ካራሜልና ቸኮሌት የሚሸቱት ሽቶዎች ገና ሲረጩ ያስደስታሉ። ይሁን እንጂ ከቀትር በኋላ ቢሮ ውስጥ፣ መስኮት በተዘጋበት፣ አንገት ላይ ይከብዳሉ። አሮማቲክ ዉዲ የሚጀምረው በመራራና በአረንጓዴ ነው፣ የሚያርፈው በደረቅ እንጨት ነው። በመካከሉ የሚያጣብቅ ነገር የለም። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው፤ ቅጠሉ ቀዝቃዛ፣ እንጨቱ ሞቃት። ጥሩ የሽቶ ቀማሚ አንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ መገጣጠሚያውን አያሳይህም። የተጣራ ሽቶ የምንለው ይህንን ነው። ውድ መሆኑ አይደለም፣ ጠርሙሱም አይደለም።

መራራ ነገር ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። ጌሾ የገባበት ጠላ የሚጠጣ፣ ቡናውን ያለ ስኳር የሚወድ ሕዝብ ነን። ይህን ቤተሰብ አንዴ የተረዳ የአዲስ አበባ ሰው ወደ ጣፋጩ ሲመለስ እምብዛም አላየሁም።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት አፍንጫህን አሠልጥነው። ብዙ አያስወጣህም። መርካቶ ወይም ሰፈርህ ካለ ቅመም ሻጭ ትንሽ ጦስኝና ትንሽ ነጭ እጣን ግዛ። እርሳስ ቅረጽና ፍቅፋቂውን ወረቀት ላይ አድርግ። እጣኑን ከሰል ላይ አትጣለው። በጥፍርህ ቆርሰህ፣ በጣቶችህ መካከል ትንሽ አሽተህ አሽትተው። ጭሱ የሚደብቀው ነገር ይወጣልሃል፤ ብርቱካን ብርቱካን የሚል፣ ትንሽ ሙጫ ሙጫ የሚል። የሰሜኑ እጣናችን ዘይት በብዛት ኦክታይል አሲቴት ነው፤ ያ የፍሬ ሽታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቀጥሎ ጦስኙን በመዳፍህ አድቅቀው። ስለታም ነው፣ ያቃጥላል ማለት ይቻላል። መጨረሻ የእርሳሱን ፍቅፋቂ አሽትት። ቅጠል፣ ሙጫ፣ እንጨት። የብዙ አሮማቲክ ዉዲ ሽቶዎች አጥንት ይኸው ነው። ይህን ያደረገ ሰው ሱቅ ሲገባ የጠርሙስ ቀለም አያታልለውም።

ቬቲቨሩን ግን ገበያ ላይ በቀላሉ አታገኘውም። ሳር ነው፤ ሽታው ያለው ሥሩ ውስጥ ነው። በአገራችን በኢሉ አባ ቦር በኩል ገበሬው አፈር እንዳይሸረሸርበት በእርሻው ዳር ይተክለዋል። ለሽቶ የሚሆነው ዘይት በብዛት የሚመጣው ከሄይቲ ነው። ሥሩ ተቆፍሮ፣ ታጥቦ፣ ለረጅም ሰዓታት በእንፋሎት ይነጠራል። ሽታው እርጥብ አፈር፣ ትንሽ ጭስ፣ ከበታቹ ደግሞ የግሬፕፍሩት ልጣጭ መራራነት አለው። የሚገርመው ኑትካቶን የሚባለው ንጥረ ነገር ግሬፕፍሩትም ውስጥ፣ ቬቲቨርም ውስጥ ይገኛል። ቀማሚዎች ሁለቱን አንድ ላይ የሚወዱት አለምክንያት አይደለም።

ወደ ስሞቹ ልሂድ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

የዚህ ሁሉ አያት በ1882 የወጣው፣ ኡቢጋን የሚባለው የሽቶ ቤት ፉዤር ሮያል ነው። ቀማሚው ፖል ፓርኬ ላቬንደርን ከኩማሪን ጋር አገናኘ። ኩማሪን የድርቆሽ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ነው፤ በቤተ ሙከራ ከተሠራ ገና ብዙም አልቆየም ነበር። የወንድ ሽቶ ከአበባና ከሎሚ ውኃ ወጥቶ ወደ ቅጠልና ወደ ሣር የገባው በዚያ በኩል ነው። በ1966 ኤድሞንድ ሩድኒትስካ ለዲዮር ኦ ሶቫዥን ሠራ። ሎሚው፣ የጥብስ ቅጠሉና ቬቲቨሩ መሃል ሄዲዮን የሚባል ቀላል የጃስሚን ሽታ ያለው ንጥረ ነገር አስገባና ሽቶውን አየር ሰጠው። ይህን በ2015 ከወጣው ሶቫዥ ጋር አታምታታው። ስማቸው ይቀራረባል፣ ሽታቸው ግን ሌላና ሌላ ነው። ሱቆቹ የሰጡህ አዲሱን ሳይሆን አይቀርም፤ ዛሬ ከተማው ውስጥ በየሄድክበት የሚሸተው እሱ ነውና።

በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ነገሩ ከረር አለ። የ1973ቱ ፓኮ ራባን፣ የ1978ቱ አዛሮ፣ የ1982ቱ ድራካር ኗር የመጡት ያኔ ነው። «የሽማግሌ ሽቶ ነው ወይ» ያልከው ከዚህ የመጣ ነው። የአባቶቻችን ትውልድ ሰርግና ልቅሶ የሄደበት ሽታ ነው። ጠንካራ ነው፣ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ከሰውየው ቀድሞ በር ይገባል። እኔ እወዳቸዋለሁ። እንዳንተ ላለ ወጣት ግን በመጀመሪያ ግዢው አልመክርም።

አንተ የምትፈልገው ከዚያ በኋላ የመጣውን ቀለል ያለ ትውልድ ነው። ከገለጻህ ተነስቼ መጀመሪያ የማስሸትህ ቴር ደርሜስን ነው። ዣን-ክሎድ ኤሌና በ2006 የሠራው ነው። በብርቱካንና በግሬፕፍሩት ይጀምራል፤ ቁንዶ በርበሬ አለው፤ የተፋጨ ድንጋይ የመሰለ ነገር አለው፤ ከዚያ ሴዳርና ቬቲቨር ላይ ያርፋል። እርሳስ፣ ቅጠል፣ አፈር ያልከው ውስጡ አለ። እሱ ውስጥ በብዛት የገባ ኢሶ ኢ ሱፐር የሚባል በ1970ዎቹ የመጣ ንጥረ ነገር አለ። ለስላሳ የሴዳር ሽታ ነው። ጠባዩ ለየት ይላል። የለበሰው ሰው አፍንጫ ቶሎ ይለምደውና «ጠፋብኝ» ይላል። አጠገቡ ያለው ሰው ግን ይሸተዋል። እሳቸው ወርደው ሽታው ሊፍቱ ውስጥ ይቀራል ያልከኝን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንን ነው። አንተም የዚህ ዓይነት ሽቶ ስትገዛ «አልቆየም» ብለህ ደጋግመህ አትርጭ። የሥራ ባልደረባህን ጠይቀው።

ሁለተኛው ብሉ ደ ሻኔል ነው። ዣክ ፖልዥ ነው የሠራው፣ 2010። ይህኛው ጸዳ ያለ፣ ለቢሮ የማይከፋ፣ ማንንም የማያስቀይም ነው። ዝንጅብል፣ ናና፣ እጣንና ሴዳር አለው። አፈር ግን የለውም። የአንተን ሊፍት ሳስብ ትንሽ የለሰለሰ ይሆንብሃል። ሦስተኛው የላሊክ አንክር ኗር ነው፣ የ2006 የናታሊ ሎርሶን ሥራ። ቬቲቨር ማለት ይቻላል በሙሉ። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ዝምተኛ ነው። ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው በብዙ ይቀንሳል፣ ጥራቱ ግን አያሳፍርም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ አባርቶ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግር ስትወርድ የሚሸተው አፈር ውስጡ አለ። ለሰርግ ግን አልመርጠውም፣ ጨለም ይላል።

የአዲስ አበባን አየር መርሳት የለብህም። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። ውኃ እንኳ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አየሩ ስስ ነው፣ ከክረምት ውጪ ደግሞ ደረቅ ነው። ስለዚህ የሽቶው መጀመሪያ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ እዚህ ቶሎ ይበናል። ጠዋትና ማታ ብርድ ስለሆነ ደግሞ ሽታው ከቆዳህ ብዙ አይርቅም። የፈረንጅ ቪዲዮ ላይ «አስር ሰዓት ይቆያል» የተባለ ሽቶ ለገሀር ላይ ስድስት ሰዓት ቢሆን ፎርጅድ ነው ብለህ አትቸኩል። እንጨት የበዛበት ሽቶ ለዚህ ከተማ የሚስማማውም ለዚህ ነው። የሚበነው ከበነነ በኋላም የሚቀር ነገር አለው። ሎሚ ብቻ የሆነ ሽቶ እዚህ ምሳ ሰዓት አይደርስም።

ፎርጅድ ካነሳን፣ ይህ ቤተሰብ ራሱን ያጋልጣል። ገዢው የሚወስነው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስለሆነ አስመሳዮቹ የሚለፉት መጀመሪያውን ለማስመሰል ነው። ሎሚው ይመሳሰላል፣ በርበሬውም ይመሳሰላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን እንጨቱ የለም። የቀረው ደብዛዛ ጣፋጭ ነገርና የሳሙና ሽታ ነው። ስለዚህ ክንድህ ላይ አስረጭና ሳትገዛ ውጣ። ቡና ጠጣ፣ ሥራህን ሥራ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ አሽትተው። «አሁን ካልገዛህ ያልቃል» የሚልህ ሻጭ ካለ ይለቅ። በአንድ ቀን ከሁለት በላይ ቆዳህ ላይ አታስረጭ፤ አንዱን ግራ ክንድ፣ አንዱን ቀኝ ክንድ።

መቶ ሚሊ ለመግዛትም አትጣደፍ። አንድ ርጭት አንድ አሥረኛ ሚሊ ገደማ ነው። በአምስት ሚሊ ብልቃጥ ሃምሳ ርጭት አካባቢ ታገኛለህ። በቀን ሦስት ብትረጭ ከሁለት ሳምንት በላይ ይሄዳል። ከዋናው ጠርሙስ ፊትህ የሚቀዳልህ፣ የምታምነው ሰው ካገኘህ በዚያ ጀምር። ሁለት ሳምንት ሥራ ለብሰኸው ካልሰለቸህ ትልቁን ግዛ።

ዕድሜህን በተመለከተ፣ ይሆንሃል። ኃላፊህ ላይ ያማረው በዕድሜያቸው አይደለም፣ ልክ በመጠናቸው ስለረጩት ነው። ምናልባት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ርጭት ነው። ሊፍት ውስጥ አስቸግሮህ ቢሆን ኖሮ ይህን ጥያቄ አትጽፍም ነበር። የሽቶውንም ስም ጠይቃቸው ባይ ነኝ። «ጋሼ፣ ሽቶዎት ደስ ይለኛል፣ ምን እንደሆነ ቢነግሩኝ» ማለት ነውር የለውም። ሽቶውን መርጦ የገዛ ሰው እንዲህ ሲባል ደስ ይለዋል።

ለሰርጉ ያዋጣል። እንዲያውም ለሚዜ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሚዜ ከሙሽራው በላይ መሽተት የለበትም። አራት ሚዜ አራት ዓይነት ጣፋጭ ሽቶ ረጭቶ አንድ መኪና ውስጥ ሲገባ ሙሽሮቹ ናቸው የሚሰቃዩት። አስቀድመህ ሙሽራው ምን እንደሚያደርግ ጠይቅና ከሱ ዝቅ በል። ቴር ደርሜስ ወይም ብሉ፣ ሦስት ርጭት። ሥነ ሥርዓቱ ቤተ ክርስቲያን ተክሊል ከሆነ ደግሞ እዚያ ሽቶ የማይወዱ አባቶችና ቤተሰቦች አሉ። ጠይቅና ሽቶውን ወደ አዳራሹ ስትሄዱ አድርገው። ትንሿን ብልቃጥ ኪስህ ውስጥ መያዝ ትችላለህ፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ግን አትተዋት። ሙቀትና ብርሃን መጀመሪያ የሚያበላሹት ሎሚውን ነው።

አረጫጨቱ ቀላል ነው። ሰውነትህን ታጥበህ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርገህ ተቀባ፤ ደረቅ ቆዳ ሽቶ አይዝም። አንድ ደረትህ ላይ፣ አንድ ማጅራትህ ላይ፣ አንድ ክንድህ ላይ። ክንድና ክንድህን አታፋትግ። «ሽቶውን ይሰብረዋል» የሚሉት እውነት አይደለም፣ ግን ያሞቀውና መጀመሪያውን ያሳጥርብሃል። ያ መራራ ቅጠል ደግሞ ከፍለህበታል፣ ይቆይልህ። ሸሚዝ የምትለብሰው ሁለት ደቂቃ ቆይተህ ነው። ለመልሱ የሀገር ልብስ ካለህ በፍጹም ጥጡ ላይ እንዳትረጭ። ቀለም ያለው ሽቶ ነጭ ፈትል ላይ ቢጫ ነጥብ ይተዋል፤ አጥባ የምትመልስልህ እናትህ ናት።